ባቡሮቻችሁ እንዳይፋጠጡ፦ በኦፕንቲቲዲ የመሄጃና የመመለሻ ሐዲድን ለየብቻ መዘርጋት

ባለፈው ሰሞን አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ኦፕንቲቲዲ የተባለውን የትራንስፖርት የኮምፒውተር ጨዋታ በፍላሽ ይዞ ደሴ ድረስ መጣ። «ጋሼ፣ ሐዲዱን ሁለት አድርጌዋለሁ፤ ባቡሮቹ ግን ድርቅ ብለዋል» አለኝ። ፒያሳ ቁጭ ብለን ላፕቶፑን ከፈትን። 11 ባቡር ተሰልፎ ቆሟል። ሰልፉን እየተከተልኩ እስከ ጣቢያው አፍ ሄድኩ። ከጣቢያው የወጣ አንድ ባቡር ቀይ ሲግናል ፊት ቆሟል። የመጨረሻው ፉርጎ ግን ገና መሻገሪያው ላይ፣ ማለትም ባቡሮች ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያልፉበት ቦታ ላይ ነው። አንድ ፉርጎ ብቻ! ወደ ጣቢያው የሚገቡት ሁሉ የሚጠብቁት እሱን ነው። ሲግናሉን ሁለት ካሬ (ካርታው የተከፋፈለባቸው ሳጥኖች) ወደ ፊት አራቅነው። ባቡሩ ትንሽ ተጠጋ፤ ጅራቱ ከመሻገሪያው ወጣ፤ ሰልፉም ተፈታ።

ይህ ችግር የእሱ ብቻ አይደለም። የሚመጡልኝ ጨዋታዎች በሙሉ ለማለት ይቻላል እዚሁ ላይ ነው የሚበላሹት። ሁለት ሐዲድ ጎን ለጎን ማስመር ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ባቡሩ የት እንደሚቆም መወሰን ነው። ስለዚህ ከታች ያለውን ሁሉ ስትሠሩ አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ ባቡሩ እዚህ ሲግናል ፊት ቢቆም ጅራቱ የት ይቀራል?

ሁለት ሐዲድ ያስፈልጋችኋል?

በመስመሩ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ባቡር ብቻ ካላችሁ አያስፈልግም። ነጠላ ሐዲድ ከነመተላለፊያው ይበቃል። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሃራ ገበያው እውነተኛ መስመር ራሱ የተነደፈው በነጠላ ሐዲድ ነው። ባቡሮች የሚተላለፉት ጎን ሐዲድ ባለበት ቦታ ነው። ከአራት ባቡር በላይ ለማሰማራት ካሰባችሁ ግን ለሁለት ሐዲድ የሚሆነውን ቦታ ከአሁኑ ያዙ። ከተማው አድጎ ቤት ከከበበው በኋላ ማስፋት በጣም ያስቸግራል።

1. ቅንብሩን አስተካክሉ

ሐዲድ ከመንካታችሁ በፊት ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ አምስት ነገር አድርጉ።

ጨዋታው ቆሞ እያለ መገንባት የሚፈቅደውን ክፈቱ። ከዚያ በኤፍ1 አቁማችሁ ያለ ጥድፊያ ትሠራላችሁ።

በባቡር የተያዘን ሐዲድ ጠቆር አድርጎ የሚያሳየውን አብሩ። ይህን ሳያበሩ ሲግናል መትከል በጨለማ መርፌ እንደመፈለግ ነው። ባቡሩ የትኛውን መንገድ እንደያዘ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

የተሽከርካሪ መንጃ ጎኑን ቀኝ አድርጉ። ሲግናሎቹም በቀኝ በኩል ይታዩላችኋል። ባቡሩን አይቀይረውም፤ የለመድነው የመንገድ አነዳድ ስለሆነ ግን ዓይናችሁ ቶሎ ይለምደዋል። ይህን መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ቀይሩ፤ በኋላ አይፈቅድላችሁም።

የባቡር ፍጥነት አጨማመሩን ወደ እውነተኛው ዓይነት ቀይሩት። ለእኛ ዓይነቱ ዳገታማ ካርታ ይሄ ነው የሚሆነው።

ራሱ ሴቭ የሚያደርግበትን ጊዜ አሳጥሩ። መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ያላችሁ ደግሞ ከእያንዳንዱ ደረጃ በኋላ በእጃችሁ ሴቭ አድርጉ፤ በየጊዜውም በአዲስ ስም። የተበላሸ ሥራ ላይ ሴቭ ካደረጋችሁ መመለሻ የላችሁም።

2. የባቡሩን ርዝመት ወስኑ

ይህን ደረጃ ሁሉም ይዘለዋል። አትዝለሉት።

አብዛኛው ፉርጎም ሆነ ሞተር ግማሽ ካሬ ይይዛል። ስለዚህ አንድ ሞተርና 9 ፉርጎ ያለው ባቡር 5 ካሬ ነው። በአንድ መስመር ላይ ከዚህ የረዘመ ባቡር አይገባም ብላችሁ ቁረጡ። ወረቀት ላይ ጻፉት። የፕላትፎርሙ ርዝመት፣ የሲግናሎቹ ርቀት፣ ከመሻገሪያ በኋላ የሚተወው ቦታ፣ ሁሉም ከዚህ ቁጥር ነው የሚወጣው። እኔ ከዚህ በታች 5 ካሬ እያልኩ እቀጥላለሁ።

በኋላ «ገቢው ጥሩ ነው፣ ሁለት ፉርጎ ልጨምርበት» ያላችሁ ቀን መስመሩ ይዘጋል። ባቡር ጨምሩ እንጂ ፉርጎ አትጨምሩ።

3. ዳገቱን አንብቡ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ የወረደ ሰው ይህን ለማስረዳት አይቸገርም። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የከፍታው ልዩነት ግን ከ600 ሜትር በላይ ነው። እኔ የምለማመድበት ካርታም እንደዚሁ ነው፤ በካርታ መሥሪያው ውስጥ ተራራ ላይ አንድ ከተማ፣ ሜዳ ላይ ሌላ ከተማ አስቀምጬ ላይኛውን ደሴ፣ ታችኛውን ኮምቦልቻ ብዬዋለሁ።

ሐዲድ ሳትዘረጉ በፊት መስመሩን በዓይናችሁ ተከተሉ። ሁለት ነገር ፈልጉ።

አንደኛ፣ ሁለት ካሬ ስፋት ያለው መሬት። አንዱ ሐዲድ ደልዳላ ላይ፣ ሌላው ገደል አፍ ላይ ከሆነ መሬት ለማስተካከል ብዙ ገንዘብ ይወጣል። ጥቂት ካሬ ዞር ብሎ መሄድ ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ሁለተኛ፣ ዳገቱ የሚከፋፈልበት ቦታ። ተከታታይ ዳገት ባቡሩን ያደክመዋል። አንድ ደረጃ ካስወጣችሁት በኋላ ቢያንስ የባቡሩን ርዝመት ያህል ሜዳ ስጡት፤ ከዚያ ሌላ ደረጃ። እንዲህ ከሆነ መላው ባቡር በአንድ ጊዜ ሁለት ዳገት ላይ አይወድቅም።

ዋሻ ካሰባችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዋሻ ውስጥም ድልድይ ላይም ሲግናል አይተከልም። የ15 ካሬ ዋሻ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገባው አንድ ባቡር ብቻ ነው። ሌላው መስመር በየ5 ካሬው ባቡር ቢያሳልፍም ዋሻው አፍ ላይ ሰልፍ ይሆናል። አጭር ዋሻ ሥሩ። የግድ ረጅም ከሆነ ለአንድ አቅጣጫ ሁለት ዋሻ ጎን ለጎን ቆፍራችሁ ባቡሮቹን አከፋፍሉ።

4. ከጣቢያው ጀምሩ

ብዙ ሰው መሀሉን ዘርግቶ መጨረሻ ላይ ጣቢያ ያገናኛል። ተቃራኒውን አድርጉ። መስመር የሚዘጋው ጣቢያው አፍ ላይ ነውና መጀመሪያ እሱ ይሠራ።

ሀ. ሁለት ፕላትፎርም፣ 5 ካሬ ርዝመት ያለው ጣቢያ ትከሉ። ከጀርባው ሜዳ ተዉለት፤ ነገ ፕላትፎርም ትጨምራላችሁ።

ለ. የኤ ፊደልን ተጫኑ። ኦቶሬይል የሚባለው የሐዲድ መዘርጊያ ይከፈታል። ከሁለቱም ፕላትፎርም 8 ካሬ ያህል ቀጥ ያለ ሐዲድ አውጡ።

ሐ. ከፕላትፎርሙ አፍ ያለውን የመጀመሪያ ካሬ ለሲግናል ተዉት። በሁለተኛው ካሬ ላይ ሁለቱን ሐዲዶች በኤክስ ቅርጽ አገናኙ። ሲግናል መጋጠሚያ ባለበት ካሬ ላይ አይቆምም፤ ለዚህ ነው የመጀመሪያው ካሬ የሚያስፈልገው።

መ. ጀርባችሁን ለጣቢያው ሰጥታችሁ እንደቆማችሁ አስቡ። በቀኛችሁ ያለው መውጫ ነው፤ በግራችሁ ያለው መግቢያ ነው። አትቀያይሩት። ሌላኛው ከተማ ላይም ይኸው ነው። ሁለቱም ጣቢያ ላይ ይህን ሕግ ከያዛችሁ ሐዲዶቹ መሀል ላይ ሳይጠላለፉ ራሳቸው ይገጥማሉ።

5. ሁለቱን ሐዲድ ዘርጉ

መጀመሪያ አንዱን ከጣቢያ እስከ ጣቢያ ጨርሱ። ከዚያ ሁለተኛውን ጎኑን ይዛችሁ ተከተሉ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ትንሽ ትንሽ መዘርጋት ያሳስታል፤ አንዷ ቁራጭ ትቀርና ቀኑን ሙሉ ስትፈልጓት ትውላላችሁ።

መታጠፊያውን ሰፋ አድርጉ። ቶሎ ቶሎ የሚታጠፍ ሐዲድ ፍጥነት ይገድላል።

መሀል ላይ ሁለቱን ሐዲዶች በምንም አታገናኙ። «ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል» ተብሎ የተሠራ መሻገሪያ አይቻለሁ፤ ባቡሮቹ በማይጠበቅ መንገድ ይገቡበታል፤ ከዚያ ሁለቱም መስመር ይቆማል። ሌላ መስመር ማቋረጥ ካለበት በድልድይ ላይ አሻግሩት።

ዲፖ (ባቡር የሚገዛበትና የሚጠገንበት ቤት) ለየአቅጣጫው አንድ አንድ ሥሩ። ከመሄጃው ሐዲድ ጎን ያለ ዲፖ የመመለሻውን ባቡር አይጠቅመውም፤ ሊደርስበት አይችልም።

6. ሲግናል

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ሁለት ዓይነት ብቻ ትጠቀማላችሁ፤ ፓዝ ሲግናል እና ዋን ወይ ፓዝ ሲግናል። የድሮውን ብሎክ ሲግናል ለዚህ ሥራ እርሱት። አንድ መስመር ላይ ሁሉንም መደባለቅ ችግሩን ለመፈለግ ብቻ ጊዜያችሁን ይበላል።

ልዩነታቸው እንዲህ ነው። ፓዝ ሲግናል ከፊቱ የመጣን ባቡር ያስቆማል፤ ከኋላው የመጣን ግን ያሳልፋል። ዋን ወይ ፓዝ ሲግናል ከኋላው የመጣን ፈጽሞ አያሳልፍም።

የኤስ ፊደልን ተጫኑና በዚህ ቅደም ተከተል ትከሉ፦

ሀ. ፕላትፎርም አፍ። በየፕላትፎርሙ አንድ ፓዝ ሲግናል። ፊቱ ከጣቢያው ወደሚወጣው ባቡር ይሁን። እዚህ ዋን ወይ ካደረጋችሁ የሚገባው ባቡር ከኋላ ስለሚመጣ በሩ ተዘጋበት ማለት ነው። በጣም የተለመደው ስህተት ይሄ ነው።

ለ. መግቢያ። ከኤክሱ ቀደም ብሎ ባለው ካሬ ላይ፣ በመግቢያው ሐዲድ፣ አንድ ዋን ወይ ፓዝ ሲግናል። ፊቱ ወደሚመጣው ባቡር። ባቡሩ ባዶ ፕላትፎርም እስኪያገኝ እዚህ ይጠብቃል፤ ጅራቱ ከኋላው ባለው ሐዲድ ላይ ነው፤ ማንንም አይዘጋም።

ሐ. መውጫ። የመጀመሪያው ዋን ወይ ፓዝ ሲግናል ከኤክሱ በኋላ 5 ሙሉ ካሬ ይዝለልና 6ኛው ላይ ይተከል። የኮምቦልቻው ልጅ የተሳሳተው እዚህ ነው፤ 3ኛው ካሬ ላይ ተክሎት ነበር። ጥያቄያችንን አስታውሱ፦ ጅራቱ የት ይቀራል?

መ. መሀሉ። የሲግናል መስኮቱ ላይ ርቀቱን 5 አድርጉ። ከተከላችሁት የመውጫ ሲግናል ጀምሩና ኮንትሮልን ተጭናችሁ በማውዝ ትንሽ ጎትቱ። እስከሚቀጥለው መጋጠሚያ ወይም ሲግናል ድረስ ራሱ ይተክላል፤ የመጀመሪያውን አቅጣጫም ይይዛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ከተገለበጠ ሁሉም ይገለበጣሉ። አብሽሩ፣ አይከብድም፤ ሌሎቹን አንስታችሁ እሱን በክሊክ አዙሩና እንደገና ጎትቱት።

ዋሻና ድልድይ ፊት ስትደርሱ ሲግናሎቹ የት እንደተተከሉ በዓይናችሁ ፈትሹ። ከዋሻው መውጫ በኋላ የሚመጣው ሲግናልም 5 ካሬ ይራቅ። አለበለዚያ ባቡሩ ጅራቱ ዋሻ ውስጥ ቀርቶ ይቆማል።

7. አንድ ባቡር ብቻ ላኩ

አምስት ባቡር ገዝታችሁ አትልቀቁ። አንዱን ላኩና እየተከተላችሁ እዩት። ደሴ ደርሶ፣ በሌላኛው ሐዲድ ተመልሶ ኮምቦልቻ ይግባ። ሁለት ሙሉ ዙር ከሄደ ሁለተኛውን ጨምሩ። ሁለቱ ጣቢያው አፍ ላይ ሲገናኙ እስክታዩ ጠብቁ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ከገባ ሥራችሁ ልክ ነው። ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁ ጨምሩ፤ ትዕዛዛቸውን የጋራ አድርጉት፤ አንዱን ስታስተካክሉ ሁሉም ይስተካከላል።

8. ዳገቱ ላይ የጭነቱን ሐዲድ ለዩ

እስካሁን የለየነው መሄጃና መመለሻን ነው። ዳገታማ ካርታ ላይ ግን ይህ አይበቃም።

ሐረጎን ስትወጡ የጫነ ተሳቢ ከፊት ሲገጥማችሁ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ሚኒባሱ፣ አይሱዙው፣ ባጃጁ ሁሉ ከኋላው ተሰልፎ በተሳቢው ፍጥነት ይወጣል። ጨዋታው ውስጥም ከኮምቦልቻ ብረት ጭኖ የሚወጣ ባቡር ከኋላው ያለውን የመንገደኛ ባቡር እንዲሁ ያደርገዋል። ቁልቁለት ላይ ግን የጭነቱ ክብደት ባቡሩን አያዘገየውም።

ስለዚህ የእኔ ምክር ሦስት ሐዲድ ነው፦ ዳገቱን ለሚወጡት ሁለት፣ ለሚወርዱት አንድ። አራት የሚዘረጉ ሰዎች አሉ። ቁልቁለቱ ላይ ሰልፍ እስካላያችሁ ድረስ አራተኛው ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል።

አሠራሩ፦

ሀ. ወደ ላይ የሚወጣው ሐዲድ ዳገቱ ሳይጀምር፣ ሜዳው ላይ፣ ለሁለት ይከፈል። ከመከፈያው በፊት አንድ ሲግናል ይኑር።

ለ. ከተከፈለ በኋላ በሁለቱም ቅርንጫፍ የመጀመሪያው ሲግናል 5 ካሬ ይዝለል። ጅራቱ መከፈያው ላይ ከቀረ መለየታችሁ ምንም አልጠቀመም።

ሐ. ላይ ሲገናኙ፣ ከመገናኛው በፊት በየቅርንጫፉ አንድ አንድ ሲግናል፤ ከመገናኛው በኋላ እንደገና 5 ካሬ ባዶ፣ ከዚያ ሲግናል።

መ. በየቅርንጫፉ ቀጥ ያለ ሐዲድ ላይ አንድ አንድ ዌይፖይንት (ባቡሩ በዚህ እለፍ የሚባልበት ምልክት) ሥሩ። አንዱን «ጭነት»፣ ሌላውን «መንገደኛ» በሉት።

ሠ. በየባቡሩ ትዕዛዝ ውስጥ ዌይፖይንቱን አስገቡ። ይህን ካልጨመራችሁ ልፋታችሁ ከንቱ ነው። ባቡር መንገድ ሲመርጥ የራሱን ፍጥነት አያይም፤ አጭርና ክፍት የሆነውን ይይዛል። ጭነቱ መንገደኛው ሐዲድ ላይ ይገባባችኋል።

ቦታና ገንዘብ ካላችሁ ከዚህ የሚሻለው ከሥሩ መለየት ነው። የጭነት ባቡሮች ለብቻቸው ጣቢያ ይኑራቸው፤ ከመንገደኛው መስመር ጋር የትም አይገናኙ። ታችኛው ከተማ ፋብሪካ የበዛበት ከሆነ እኔ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማደርገው። ያልተገናኘ ሐዲድ ላይ የተሳሳተ ባቡር አይገባም፤ ዌይፖይንትም አያስፈልግም።

9. የሚሠራ ነጠላ ሐዲድ ካላችሁ

ባቡር እየሄደበት አትነካኩት። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ ባቡሮቹን በሙሉ ወደ ዲፖ ላኩና መግባታቸውን አረጋግጡ። አዲሱን ሐዲድ ከጎን ዘርጉ፤ ከአሮጌው ጋር ግን አታገናኙት። ሲግናሉን ጨርሱ። የአሮጌውን ሐዲድ የሁለት አቅጣጫ ሲግናል በሙሉ አንሱና የአንድ አቅጣጫ ትከሉ። መጨረሻ ላይ ኤክሱን አገናኙ። አሮጌዎቹን መተላለፊያዎች አፍርሱ፤ ማንም አያፈርሳቸውም፤ በኋላ ግን መዘዝ ያመጣሉ። ከዚያ አንድ ባቡር አውጡ።

ሲበላሽ

ባቡሩ ነፃ መንገድ እየጠበቀ ነው ይላል። ከፊቱ ያለውን የጠቆረ ሐዲድ ተከተሉ። የያዘበትን ባቡር ታገኛላችሁ። ጅራቱን እዩ። መጋጠሚያ ላይ ከሆነ ከፊቱ ያለውን ሲግናል አርቁለት።

ባቡሩ ጠፋ የሚል መልእክት መጣ። ሦስት ነገር በተራ ፈትሹ። የተገለበጠ ዋን ወይ ሲግናል አለ? የጎደለ የሐዲድ ቁራጭ አለ? ባቡሩ የኤሌክትሪክ ሆኖ መሀል ላይ ሽቦ የሌለው ሐዲድ ገብቷል? የመጨረሻውን ዓይን ቶሎ አይለየውም፤ የሐዲድ መቀየሪያውን ይዛችሁ መላውን መስመር አንዴ ጎትቱበት።

ባቡሩ ጣቢያ በር ላይ ደርሶ አይገባም፤ ፕላትፎርሙ ግን ባዶ ነው። ፕላትፎርም አፍ ላይ ዋን ወይ ተክላችኋል። ወደ ተራው ፓዝ ሲግናል ቀይሩት።

ባቡሩ መሀል መንገድ ላይ ዞሮ ተመለሰ። የሆነ ቦታ የሁለት አቅጣጫ ሲግናል ቀርቷል። ፈልጋችሁ አንሱት።

ከተማው ግንባታ ከለከለ። ዛፍ ስለመነጠራችሁ ወይም ቤት ስላፈረሳችሁ ነው። ከተማው ዙሪያ ባዶ ቦታ ላይ ዛፍ ትከሉ፤ ቀስ በቀስ ይለዝባል።

ሁሉም ተፋጦ ቆሟል። ቀይ ሲግናል አስጥሶ የሚያሳልፈውን ቁልፍ ለመጫን ትፈተናላችሁ። እባካችሁ፣ ከፊት ያለው ሐዲድ ባዶ መሆኑን በዓይናችሁ ሳታዩ አትጫኑት። ሁለት ባቡር ከተጋጨ ሁለቱም ይጠፋሉ። ይልቅ በኤፍ1 አቁሙ። ከፊት ያለውን አንድ ባቡር ምረጡ፤ ጎኑ ላይ ጊዜያዊ ዲፖ ሥሩለትና አስገቡት። አንዱ ቦታ ሲለቅ ሌሎቹ ይከተላሉ። ከዚያ ያ ባቡር ቆሞበት የነበረውን ሲግናል አስተካክሉ፤ ዲፖውን የምታፈርሱት ባቡሩን ካወጣችሁ በኋላ ይሁን።